ኪስ የሌለው ሱሪ፣ ጉልበቷ የማይታጠፍ አሻንጉሊት፦ የ«ሴት ልጅ» እና የ«ወንድ ልጅ» ዕቃ ሲገመገም

ከአንድ አምራች፣ በአንድ የዕድሜ ቁጥር የተሰፉ ሁለት ሱሪዎች ይውሰዱ፤ አንዱን ከሴት ልጆች መደርደሪያ፣ ሌላውን ከወንዶቹ። ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው፣ ወገባቸውን አጋጥመው አንዱን በሌላው ላይ ይደርቡ። አብዛኛውን ጊዜ የሴቷ ሱሪ ጭኑ ይጠባል፣ ከወገብ እስከ ብሽሽት ያጥራል፣ ጨርቁም ይሳሳል። ኪሱ ወይ የለም፣ ወይ ከላይ የተሰፋ መስመር ብቻ ነው፣ ወይ ሁለት ጣት አስገብቶ ያቆማል። የወንዱ ግን ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ አለው፣ ኪሱም የልጁን እጅ እስከ አንጓው ይውጣል። ሁሉም አምራች እንዲህ ይሰፋል ማለት አይደለም፤ ግን ይህን ሳያዩ ከመደርደሪያ ማንሣት በጭፍን መግዛት ነው።

ሰውነታቸው ስለሚለያይ ነው የሚል መልስ ይሰማል። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ እንደሚያሳየው 5 ዓመት ሲሞላቸው የወንዶች መካከለኛ ቁመት 110.0 ሴ.ሜ፣ የሴቶች 109.4 ሴ.ሜ ነው፤ ክብደታቸው 18.3 እና 18.2 ኪ.ግ.። ስድስት ሚሊሜትርና መቶ ግራም ለሁለት ዓይነት ሱሪ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ሮዝ ይሻላል ሰማያዊ የሚለውን አይደለም። ቀለሙ ከጉዳዩ ሁሉ ቀላሉ ነው። የምናየው የ«ሴት» ወይም የ«ወንድ» ምልክት ሲለጠፍበት ዕቃው ከአሠራሩ ምን እንደሚያጣ ነው።

ከሱሪው እንቀጥል። ዋናው ፈተና ቁጢጥ ማለት ነው። ልጅ በቀን ውስጥ ቁጢጥ ትላለች፣ ትንበረከካለች፣ ትንጠላጠላለች። ከወገብ እስከ ብሽሽት ያለው አጭር ከሆነ ሱሪው ከኋላ ይወርድና ወገቧ ይራቆታል፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ስትጎትት ትውላለች። ሱቅ ውስጥ ማስለካት ካልተቻለ ቤት ውስጥ በደንብ የሚሆናትን ሱሪ የፊትና የኋላ ቁመት በስፌት ሜትር ለክቶ ይዞ መሄድ ነው፤ የኋላው ከፊቱ ጥቂት ሴንቲሜትር መብለጥ አለበት። እኩል ከሆኑ ይተዉት።

ታይት በተለይ የሴቶቹ መደርደሪያ ንጉሥ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይለጠጣል፣ ለመልበስም ቀላል ነው። ችግሩ ክብደቱ ላይ ነው። በካሬ ሜትር ከ180 ግራም በታች የሆነ ታይት ጉልበቱ ላይ ቶሎ ይሳሳል፣ ስትጎነበስም ያሳያል። ከ200 እስከ 220 ግራም ያለውና 5 በመቶ ገደማ ኤላስቴን (የሚለጠጥ ክር) የተቀላቀለበት ሌላ ዕቃ ነው። ክብደቱ ካልተጻፈ እጅዎን ውስጥ አስገብተው ጨርቁን ትንሽ ለጠጥ ያድርጉና በብርሃን ይዩት፤ ጣቶችዎ አንድ በአንድ ከተቆጠሩ ለቤት ካልሆነ ለመሮጫ አይሆንም።

ኪስ ቀልድ የሚመስለው ይኖራል። ድንጋይ፣ ቅጠል፣ ብሎን፣ መሐረብ የሚይዝ ልጅ ሁለት እጁ ነፃ ነው፤ ኪስ የሌላት ልጅ ወይ ትጥለዋለች ወይ ለትልቅ ሰው ትሰጣለች። ደግነቱ የሚጠገን ነገር ነው። መጀመሪያ ኪሱ የውሸት መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ ከውስጥ እውነተኛ ከረጢት አለው፤ አፉ ብቻ በቀላል ክር ተሰፍቶ ነው የሚመጣው፤ ክሩን መፍታት ይበቃል። የውሸት ከሆነና ሱሪው የማይለጠጥ ጨርቅ ከሆነ የጎኑን ስፌት ከወገብ ማሰሪያው 4 ሴ.ሜ ዝቅ ብለው ይክፈቱ። የአፉ ስፋት የልጅቷ መዳፍ ስፋትና 3 ሴ.ሜ፣ የከረጢቱ ጥልቀት ከአንጓዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ያለውና 3 ሴ.ሜ ይሁን። ለስፌት በየዙሪያው 1 ሴ.ሜ ጨምረው ከስስ ጥጥ ሁለት ቁራጭ ይቁረጡ፣ ከተከፈተው ስፌት ጋር ይግጠሙ፣ ዳሩን ኦቨርሎክ ያስደርጉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለት ነገር አለ፦ የከረጢቱን ላይኛ ጫፍ ከወገብ ማሰሪያው ጋር ካላያያዙት ኪሱ ሱሪው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ የአፉን ሁለት ጫፍ ደጋግመው ካልሰፉት ደግሞ ጎኑ ብዙም ሳይቆይ ይተረተራል። ታይት ላይ ግን የጎን ኪስ አያምርም፣ ያብጣል። እዚያ ላይ ከውጭ ጭኑ ላይ የሚለጠፍ ኪስ በዚግዛግ ስፌት ይሠራል፤ ቀጥ ያለ ስፌት ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል።

ቁምጣ ላይ ልዩነቱ የበለጠ ግልጽ ነው። ለመለካት የውስጥ እግር ስፌቱን ይያዙ። በእኛ ሚዛን ለ110 ሴ.ሜ ልጅ ከ12 ሴ.ሜ ያነሰ ቁምጣ ለመጫወቻ ቦታ አይሆንም፤ ሸርተቴው ላይ ጭኗ ይላጣል፣ ፀሐይ ያጋለው መቀመጫ ያቃጥላታል፣ ስትሮጥም ጭንና ጭኗ ይፋተጋል። በሴቶቹ በኩል ይህን የሚያሟላ ሲፈለግ «ለስፖርት» የተባለው ክፍል ውስጥ ነው የሚገኘው። ቲሸርትም ያው ነው፤ ትከሻ ላይ የሚያበቃ እጅጌ፣ ወገቡ ላይ ገባ ያለ ቅርጽ (በአራት ዓመት ልጅ ወገብ ላይ ምን ሊከተል እንደሆነ አይገባንም)፣ አጭር ቁመት። ሁለት እጇን ወደ ላይ ታንሣ፤ ሆዷ ከታየ አንድ ቁጥር ከፍ ያድርጉ ወይም ከወንዶቹ በኩል ይውሰዱ።

ማስጌጫውን በተመለከተ ብልጭልጭ ኅትመትና ሲኩዊን (የሚያብለጨልጩ ትንንሽ ክብ ጌጦች) ዋጋ ይጨምራሉ፣ ዕድሜ ይቀንሳሉ። ብልጭልጩ ገልብጠው በ30 ዲግሪ ካላጠቡት ይሰነጣጠቃል፤ ካዊያ ቀጥታ ከነካው ያበቃለታል። ሲኩዊን ከውስጥ ገበር ከሌለው ቆዳ ይቧጭራል፣ አንዱ ክር ሲፈታም ተከታትሎ ይረግፋል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሪባን ያለበትን ጨርሶ ይተዉ። የአውሮፓው የልጆች ልብስ ደኅንነት ደረጃ ኢኤን 14682 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ኮፍያና አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ የሚከለክለው በመታነቅ አደጋ ምክንያት ነው።

ጫማው ላይ ጥብቅ ነን። ለሴቶች ልጆች የሚሸጠው ክፍት የሆነ ባለ ስስ ሶል ጠፍጣፋ ጫማ እግሩን የሚይዝ ማሰሪያ የለውም፤ ልጅቷ እንዳይወልቅ በጣቶቿ ቆንጥጣ ነው የምትይዘው። ሩጫ ላይ ይወልቃል፣ እርጥብ ወለል ላይ ይንሸራተታል። ጫማውን በእጅ ይጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ የሚጀምሩበት ላይ ነው፤ መሐሉ ላይ ከታጠፈ ይመልሱት። ተረከዙ በአውራ ጣት ሲጫን መጨማደድ የለበትም። ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.2 ሴ.ሜ ትርፍ ይኑረው። በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ክላርክስ የተባለው የእንግሊዝ ጫማ አምራች የሴቶቹን የትምህርት ቤት ጫማ «ዶሊ ቤብ» (አሻንጉሊት የመሰለች ቆንጆ)፣ የወንዶቹን «ሊደር» (መሪ) ብሎ ሲሸጥ ቁጣ ተነሥቶበት የሴቶቹን ከገበያ አውጥቶ ነበር። ስሙ ሰውን አበሳጨ፤ ወላጆች ግን በየጊዜው ስለ ሶሉም ያማርራሉ። እኛ ከስሙ ይልቅ ሶሉ ያሳስበናል።

የወንዶቹ መደርደሪያ ጠንካራ ዕቃ ስላለው ያለ እንከን ነው ማለት አይደለም። ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ካኪ፤ ከዚያ አፉን የከፈተ ሻርክ፣ ጥርሱን ያወጣ ዳይኖሰር። ጥንቸል ወይም ቢራቢሮ የሚወድ ወንድ ልጅ ከሕፃንነት ልብስ ሲወጣ ምርጫው ያልቃል። ለሙቀት የሚሆን ስስና ልቅ ልብስም እምብዛም አያገኝም። የጀግና ልብስ የሚባለው ደግሞ ደረቱና ክንዱ ላይ ስፖንጅ ተሞልቶ የሦስት ዓመት ልጅ ጡንቻ እንዲያወጣ ይደረጋል፤ ልጁን ያልበዋል፣ ሲታጠብ ስፖንጁ ይኮማተራል፣ ለመድረቅም ብዙ ይቆያል። ስፖንጅ የሌለውን ይምረጡ። የጽሑፉ ጉዳይ በሁለቱም በኩል ያው ነው፤ በ2011 ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ መደብር «ቆንጆ ስለሆንኩ የቤት ሥራዬን ወንድሜ ይሥራልኝ» የሚል ይዘት ያለው የሴት ልጆች ሹራብ አውጥቶ በተቃውሞ አንሥቶታል። ልብሱ ላይ የተጻፈውን በማያነቡት ቋንቋም ቢሆን አስነብበው ይግዙ።

ወደ መጫወቻው ስንመጣ ኪስና ሶል የነበረው ጥያቄ መገጣጠሚያና ማርሽ ይሆናል። አንድ ምሳሌ ከቅርብ እንመልከት። በ1959 የወጣችው ባርቢ 29 ሴ.ሜ ትሆናለች፤ የሚንቀሳቀሱት አንገቷ፣ ትከሻዎቿና ዳሌዎቿ ብቻ ነበሩ። ጉልበቷ መታጠፍ የጀመረው በ1965 ነው። በ1964 የመጫወቻ አምራቹ ሃስብሮ ያወጣው ወታደሩ ጂ.አይ. ጆ ደግሞ 30 ሴ.ሜ ሆኖ 21 የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ነበሩት፤ ለወንዶች እንዲሸጥም «አሻንጉሊት» የሚለውን ስም ሸሽተው «አክሽን ፊገር» አሉት። ቁመታቸው ተቀራራቢ፣ ሁለቱም ልብስ የሚቀየርላቸው፤ አንዱ ይንበረከካል፣ ይወጣል፣ ዕቃ ይይዛል፤ ሌላዋ ትቆማለች። ልጅ አሻንጉሊት ይዞ ማድረግ የሚችለው ነገር የሚወሰነው በመገጣጠሚያው ነው። ዛሬ 22 መገጣጠሚያ ያላት ባርቢ አለች፤ ምርጫ ካለ እሷን ይውሰዱ። ሣጥኑ ላይ ካልተጻፈ ክርኗንና ጉልበቷን ይዩ፤ የመታጠፊያ መስመር ከሌለ አይታጠፍም። የሁለቱ ልክ የሰው አንድ ስድስተኛ ስለሆነ የአንዱ ወንበርና አልጋ ለሌላው ይሆናል፤ ልብሳቸው ግን አይለዋወጥም፣ የጆ ትከሻ ሰፊ ነው።

ሌጎ (የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ) ላይ ፍርዳችን ከሚጠበቀው የለዘበ ነው። ኩባንያው በ1974 ለወላጆች በላከው ጽሑፍ ወንዶችም የአሻንጉሊት ቤት፣ ሴቶችም የጠፈር መንኮራኩር ቢሠሩ እንደማያስገርም ነግሮ ነበር፤ በ2012 ግን ለሴቶች ተብሎ «ፍሬንድስ» ወጣ፤ ሮዝና ሐምራዊ፣ የውበት ሳሎን፣ ካፌ። ጡቡ ከሌላው ሌጎ ሁሉ ጋር ይገጥማል፤ ይህ ትልቁ ነጥቡ ነው። ድክመቱ ሰዎቹ ላይ ነው፤ የተለመደው የሌጎ ሰው ሁለት እግሩ ለየብቻው ሲንቀሳቀስ የፍሬንድሷ እግሮች አብረው ነው የሚታጠፉት፤ መራመድ አትችልም። በ2021 ኩባንያው ምርቱን ከጾታ አመለካከት ለማጽዳት እንደሚሠራ አስታውቋል። የምንመክረው አንድ ስብስብ ፍሬንድስ ከወደደች ገዝቶ፣ ጎማና ማርሽ ያለበት አንድ ሌላ ስብስብ አብሮ ገዝቶ፣ ሁለቱን ባንድ ሣጥን መቀላቀል ነው። ሲገዙ የጡቡን ብዛት ብቻ አይዩ፤ ስንቱ ማጌጫ፣ ስንቱ መሠረት እንደሆነ ይዩ። አበባና ኩባያ የበዛበት ስብስብ አንዴ ከተገጣጠመ በኋላ ሌላ ነገር አይወጣውም።

የወጥ ቤት መጫወቻ ለሴት ልጅ ብቻ ካልተተወ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ወንዶችም በሚገርም ትዕግሥት ይጫወቱበታል። በሃስብሮ ሥር ያለው ኢዚ ቤክ የተባለው የልጆች ምድጃ ሮዝና ሐምራዊ ብቻ መሆኑ በ2012 በፊርማ ተቃውሞ ሲነሣበት ኩባንያው በ2013 ጥቁርና ብርማ ቀለም ያለው አሳይቷል። የሐኪም ዕቃ፣ የጽዳት ዕቃ፣ የጥገና ዕቃ ሲገዙ ደግሞ መሣሪያው መሥራቱን ይፈትኑ። የሴቶች ተብሎ ሮዝ የተቀባው የጥገና ሣጥን ውስጥ ያለው ካቻቪቴ ብሎን የማይፈታ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከሆነ፣ የወንዶቹ ግን ብሎንና ፍሬ ካለው፣ አንዱ መጫወቻ ሌላው ሥዕል ነው። የሳይንስ ዕቃም ላይ እንዲሁ፦ በአንዱ በኩል ሳሙናና ሽቶ፣ በሌላው ማጉያ መነጽርና ሰርኪውት (የኤሌክትሪክ ዑደት)። ሳሙና መሥራትም ኬሚስትሪ ነው፤ ግን መመሪያው ለምን እንደሚሆን ካላስረዳ፣ መለኪያ ካልሰጠ፣ ቀለም መቀላቀል ብቻ ሆኖ ያልቃል። ሣጥኑን ሳይሆን የመመሪያውን ወረቀት ያንብቡ።

ደኅንነቱ ለሁሉም አንድ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ 31.7 ሚ.ሜ ስፋት ባለው የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ ክፍል ያለበት መጫወቻ አይፈቀድም፤ የአሻንጉሊቷ ጫማም የጀግናው ሰይፍም ይገባሉ። ቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል ካርቶን መጠቀም ይቻላል፤ ከመለኪያው ስለሚሰፋ የበለጠ ጥብቅ ነው። የሚያበራ አስማት ዘንግና የሚጮህ ሽጉጥ ክብ ትንሽ ባትሪ ይኖራቸዋል፤ የባትሪው ክዳን በብሎን ካልተዘጋ አይግዙ። የተዋጠ ባትሪ ጉሮሮን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል።

«እሷ ራሷ ሮዝ ነው የምትፈልገው» ለሚለው፦ ትፈልግ ይሆናል፣ ይግዙላት፤ ከተጠናከረ ስፌት ጋር። ግን ፍላጎቱ ከመቼ እንደሚጀምር ይታወቃል። በ2011 የታተመ ጥናት ሕፃናትን ባለ ሁለት ቀለም ዕቃ እያስመረጠ፣ ሴቶቹ ሮዝን መምረጥ የጀመሩት ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ሆኖ አግኝቷል፤ ወንዶቹም ሮዝን እየሸሹ የሄዱት በዚያው ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት ላለ ልጅ ቀለሙን የሚመርጠው ገዢው ነው። በ1975 የተደረገ ሌላ ጥናት ቢጫ ልብስ የለበሰች የ3 ወር ሕፃን ለትልልቅ ሰዎች ሰጥቶ፣ ሴት ናት የተባሉት ሰዎች አሻንጉሊቱን ይበልጥ እንደሚያነሡላት አይቷል። ልጁ ገና ምንም አላለም።

የሱቆቹን ለውጥ በተመለከተ፣ የአሜሪካው መደብር ታርጌት በ2015 ከመጫወቻ ክፍሉ የወንድና የሴት ምልክት አንሥቷል፤ የእንግሊዙ መደብር ጆን ሉዊስ በ2017 ከራሱ የልጆች ልብስ ላይ። የአሜሪካዋ ግዛት ካሊፎርኒያ 500ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው መደብሮች ጾታ ያልተለየበት የመጫወቻ ክፍል እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ ልብስን ግን አይነካም። ምልክቱ ሲነሣ ገበያተኛው ሮዙን ሣጥን አይቶ ያው መንገዱን ይሄዳል፤ ስለዚህ ለውጡን ግማሽ ነው የምንለው። ዋጋው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2015 ሲያነጻጽር የሴት ልጆች ልብስ በአማካይ 4 በመቶ፣ መጫወቻና ተጓዳኝ ዕቃ 7 በመቶ ከወንዶቹ ተወድዶ አግኝቷል። ስኩተርና የራስ ቁር ሲገዙ ሁለቱንም ቀለም ጎን ለጎን አድርገው ያነጻጽሩ።

«ዩኒሴክስ» የሚባለው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ የወንዶቹ ልብስ በግራጫና በቢዥ ነው። ላስቲክ ወገብ ያለው የጥጥ ሱሪው ደህና ነው፤ ሌላው ተጨማሪ የሚከፈልበት ነገር የለውም። ከዚያ ይልቅ ከሁለቱም መደርደሪያ በቁመት እየለኩ መውሰድ ያዋጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር 104፣ 110፣ 116 የሚለው ቁጥር የልጁ ቁመት በሴንቲሜትር ስለሆነ «5–6 ዓመት» ከሚለው ይልቅ ይታመናል። ከወንዶቹ ለሴት ልጅ ሱሪ ሲወሰድ የሚያስቸግረው ወገቡ ሊሰፋ መቻሉ ነው፤ ከውስጥ ቁልፍና ቀዳዳ ያለው ላስቲክ ያለበትን ይፈልጉ። ከሴቶቹ ለወንድ ሲወሰድ ጭኑና ትከሻው ሊጠብ ይችላል፣ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል። የሸሚዝ ቁልፍ በተቃራኒው በኩል መሆኑን ልጆች አያስተውሉትም፤ መቆለፍ የሚለማመድ ልጅ ግን ሁለቱም ዓይነት ካለው ትንሽ ይደናገራል፤ አንዱን ይምረጡ። ለታናሽ የሚተላለፍ ትልቅ ዕቃ፣ ማለትም ጋሪ፣ ብስክሌት፣ የዝናብ ጫማና ወፍራም ጃኬት ሲሆን፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይግዙ።